ጭብጨባ የፈራው ጊንጥ

ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ኤቫሪስቶ ወደ መድረኩ ሲወጣ ሕዝቡ ሞቅ አድርጎ አጨበጨበለት። ጡጫውን ቢያሳያቸውም አላቆሙም።

በአፒሳኮ ከተማ የትግል ትርኢት አዳራሽ ሃያ ዓመት ያህል ክፉው ተፋላሚ ሆኖ ኖሯል። ጥቁሩን ጭምብል ሲያጠልቅ ስሙ ጥቁር ጊንጥ ነው፤ ከተመልካቹ መካከል ፊቱን የሚያውቅ የለም። በሥራ ቀን የመኪና ላሜራ ይቀጠቅጣል፣ እሑድ ጠዋት ይቆርባል፣ እሑድ ከሰዓት ከተማው ሁሉ ይረግመዋል። ሕዝብ መልካሙን ተፋላሚ የሚወደው ክፉው ፊት ለፊት ስለቆመ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በአለቃው፣ በአከራዩ፣ በአማቱ ሲቃጠል የከረመ ሰው መጥቶ ጊንጡ ላይ ይጮኻል፤ ከዚያ ልቡ ቀልሎት ቤቱ ይገባል፣ ልጆቹንም ይስማል። ኤቫሪስቶ ይህን ሥራ ከእግዚአብሔር እንደተሰጠው ጸጋ ይቆጥረው ነበር።

ጸጋውን ያበላሸው የገዛ ደግነቱ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነጭ ኮከብ የሚባለው፣ ኤቫሪስቶ ራሱ ያሠለጠነው ወጣቱ አቡንዲዮ ከገመዱ በላይ ሲዘል ስቶ በጭንቅላቱ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ኤቫሪስቶ ትግሉን ትቶ ወረደ። ሐኪም እስኪመጣ የልጁን አንገት በሁለት እጁ ደግፎ ተንበረከከ፤ ሰው ሁሉ እያየው አማተበ። ልጁ ተረፈ። ጊንጡ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የሚጠላው ሰው አጣ።

ዛሬ ከመውጣቱ በፊት አዘጋጁ ዶን ዉልፍራኖ የመልበሻ ክፍሉ በር ላይ ቆመው ጠብቀውት ነበር።

"አትቀየመኝ ኤቫሪስቶ። ባለፈው እሑድ መድረክ ላይ ስታስነጥስ ሰዎች 'ይማርህ' ሲሉህ ሰምቻለሁ።"

"እኔም ሰምቻለሁ፣ ዶን ዉልፍራኖ።"

"ለክፉ ሰው 'ይድፋህ' ነው የሚባለው። ዛሬም ካጨበጨቡልህ ስምህ ከፖስተሩ ላይ ይወርዳል። ከፑዌብላ ከተማ አንድ ሰው አግኝቻለሁ፤ ገና ከበር ሲገባ ይተፉበታል።"

"ገና ከበር?" አለ ኤቫሪስቶ በቅናት።

ደወሉ ተደወለ። ተጋጣሚው ራሱ አቡንዲዮ ነው፤ ድኖ የተመለሰበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። ኤቫሪስቶ የሚያውቀውን ክፋት ሁሉ አወጣ። ዳኛው ዞር ሲል የልጁን ጣት ረገጠ፣ ጭምብሉን ጎተተ፣ ጀርባውን በገመዱ ፈተገው። ከላይኛው ረድፍ አንድ ጫማ ጠራጊ፣ "ቀስ በል ጊንጤ፣ ወገብህን እንዳያምህ" አለው። አዳራሹ በፍቅር ሳቀ።

አቡንዲዮ አንገቱን ታንቆ እንደተያዘ፣ "መምህር፣ ምን ላድርግ?" ሲል አንሾካሾከ።

"ጮክ ብለህ አቃስት።"

"እያቃሰትኩ ነው። የሚያዝኑት ግን ለአንተ ነው።"

ፊተኛው ረድፍ ላይ በርበሬ ነጋዴዋ ባልቴት ዶኛ ኤዱቪጌስ ተቀምጠዋል። በዚያ አዳራሽ ስድብ የሚጀመረው ከእሳቸው አፍ ነው፤ ያለ እሳቸው ደፍሮ የሚጀምር የለም። "ጉልበትህ እንደ ዛገ በር ይንቋቋል፣ ሄደህ ዘይት ቀባው" ሲሉት ነበር የኤቫሪስቶ ደም የሚሞቀው። አሁን ግን በእጃቸው ጠሩት።

"ና ልጄ፣ ጎንበስ በል።"

በገመዱ መካከል ወጥቶ አጎነበሰ። የእመቤታችን ምስል የተሰፋበት የአንገት ክር አጠለቁለት።

"አባ ባርከውልኛል። ያን ልጅ ከሞት ስላተረፍክ።"

ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። ኤቫሪስቶ ቀና ሲል ዶን ዉልፍራኖ ፊታቸውን አዙረው ወደ በሩ ሲሄዱ አየ።

ክሩን አውልቆ መጣል አይችልም፤ እንዲህ ካለው ድፍረት እግዚአብሔር ይጠብቀው። ዝም ካለ ደግሞ የሃያ ዓመት ሥራው እዚያው ማብቃቱ ነው። ምስሉን ሳመና ልብሱ ውስጥ ከተተው። ጭብጨባው ባሰ። ያኔ ዓይኑ ባልቴቷ ጭን ላይ አረፈ፤ በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ገና ያልተፈታ ትኩስ ታማል፣ በርበሬ የገባበት የበቆሎ ዳቦ ነበር። በልቡ "እመቤቴ፣ ይቅር በዪኝ" አለና አነሣው። ቅጠሉን ገለጠ፣ ገመጠ፣ ቀስ ብሎ አላመጠ።

"ጨው ያንሰዋል" አለ።

ጭብጨባው ቆመ። ኤቫሪስቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ በባልቴቷ ነጠላ ጠረገ። ሕዝቡ የባልቴቷን ፊት አየ። እሳቸው ፈገግ ቢሉ ሁሉም ይስቃል፣ እሱም አለቀለት። ዶኛ ኤዱቪጌስ ግን በጭምብሉ ቀዳዳ ዓይን ዓይኑን ያዩታል።

"ጨው?" አሉ ቀስ ብለው።

"አዎ እማማ። በርበሬውም የገበያ ጥራጊ ነው።"

ባልቴቷ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

"አንተ ሆዳም፣ የባልቴት ምሳ ነጥቀህ በበርበሬዬ ትመጣለህ? ጥርስህን አርግፌ በቦታው በርበሬ ነው የምተክልልህ።" ጫማው ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ።

ከዚያ በኋላ ማን አስቁሞት። "ሌባ" አለ አንዱ፤ "የእናት ጦር ይውጋህ" አለ ሌላው። የብርቱካን ልጣጭ፣ የኦቾሎኒ ገለባ፣ የአንድ ሽማግሌ ባርኔጣ ሳይቀር ዘነበበት። ያ ጫማ ጠራጊ፣ "ወገብህ ይሰበር" እያለ ወንበር ላይ ቆመ። ዶን ዉልፍራኖ ከበሩ ተመልሰው ግድግዳ ተደግፈው ነበር። አቡንዲዮ ጊንጡን በወገቡ ይዞ ወደ መድረኩ ጎተተው፤ ሕዝቡም የገዛ ልጁ እንደተበደለ ያህል "ጨርሰው" እያለ አገዘው። ልጁ አንሥቶ ጣለውና ጀርባውን ከምንጣፉ ጋር አጣበቀው።

"መምህር፣ ጆሮህ እየደማ ነው፤ ልልቀቅህ?"

ኤቫሪስቶ ከሥሩ ሆኖ ዓይኑን ጨፈነ። እርግማኑ ከላይኛውም ከታችኛውም ረድፍ ይጎርፋል፤ ከሁሉ በላይ የሚሰማው የዶኛ ኤዱቪጌስ ድምፅ ነበር።

"ዝም በል ልጄ" አለው። "ልስማበት።"