የቅዳሜዋ ጠርሙስ

ባለፈው እሑድ ጎህ ሳይቀድ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ተፈራ ነበሩ። ጋሼ ተፈራ በዚያ ሰዓት ከደወሉ አገር ቤት ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ ኮሎምበስ ያለን የአገር ልጆች ይህን ለማወቅ ስልኩን ማንሳት እንኳ አያስፈልገንም። ሰው ሁሉ መርዶ ሲደርሰው በሩ ላይ ቀድሞ የሚያየው የእሳቸውን ፊት ነው። እንዲያውም ለሰርግ ሲጠሩን ሳይቀር ልባችን ድንግጥ ይላል እያልን እናማቸዋለን።

«ሰናይት ልጄ፣ ቀሰቀስኩሽ?» አሉኝ። «የዘነበች እናት ዐርፈዋል። የሚያረዷት ሰዎች እየመጡ ነው። ጎረቤትሽ ናትና ቀደም ብለሽ እንደ ዋዛ ግቢ። የስኳር መድኃኒቷን መውሰዷን እዪልኝ። እስክትነግሪኝ መኪና ውስጥ ነኝ።»

ሌላው ሽማግሌ መርዶ ሲሄድ የሚጠይቀው «እህል ቀምሳለች ወይ?» ብሎ ነው። መድኃኒት የሚጠይቁት ጋሼ ተፈራ ብቻ ናቸው። የእርጅና ነገር የሚመስላቸው አሉ። ከየት እንደመጣ የምናውቀው እሳቸውና እኔ ነን። ልብሴን እየለበስኩ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ወንድሜ ያሬድ ትዝ አለኝ።

እኔና ያሬድ በዲቪ የመጣን ጊዜ ኤርፖርት የተቀበሉን ጋሼ ተፈራ ነበሩ። የአባታችን የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ናዝሬት አብረው አድገዋል። ሞርስ ሮድ አጠገብ አፓርታማ ፈልገው አስገቡን፣ ያሬድንም ሪከንባከር የሚባል ሰፈር ካለ አንድ የዕቃ መጋዘን ሥራ አስያዙት። ያሬድ ታላቄ ነው፤ ቀልደኛ፣ ረጅም፣ የሰው ዕቃ ሲሸከም ደስ የሚለው ዓይነት ሰው። አንድ ቀን ከባድ ሣጥን ሲያነሳ ወገቡ ቀጭ አለና ቀረ። ሐኪም የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰጠው። ወገቡ ዳነ፤ ክኒኑ ግን አልለቀቀውም። ሐኪሙ ሲያቆምበት ከመንገድ መግዛት ጀመረ። ስለዚያ ዓመት ብዙ አልናገርም። መጨረሻው ግን ደግ ነበር፤ በገዛ እግሩ ሄዶ ታከመ።

መድኃኒቱ ሜታዶን ይባላል፤ ቀይ ፈሳሽ ነው። ያንን የክኒን ጥማት ያስታግሳል፣ ሰውም እንደ ሰው ውሎ እንዲያድር ያደርጋል። አንድ ቀን ካለፈው ግን ሰውነቱ መጮህ ይጀምራል፤ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያልበዋል፣ ዓይኑና አፍንጫው ይፈሳል፣ አጥንቱን ይሰባብረዋል። በዚህ ምክንያት በየቀኑ ማለዳ ክሊኒክ ሄዶ ነርሷ ፊት መጠጣት ነበረበት። ሹፌሩ እኔ ነበርኩ። ያኔ ገና ሃያዎቹን የጀመርኩ፣ እንቅልፍ የምወድ ልጅ ነኝ። በረዶውን ከመስታወቱ ላይ እየፋቅሁ «አንተ ልጅ፣ በአንተ የተነሳ ገና በዚህ ዕድሜዬ አረጀሁ!» እለዋለሁ። እሱ ይስቃል። ነርሷ መዋጡን ለማወቅ ከጠጣ በኋላ አንድ ነገር እንዲናገር ታደርገዋለች። እሱ ሁልጊዜ የሚላት በአማርኛ «እግዜር ይስጥልኝ» ነው። ሴትዮዋ ቃሉን ለመደችው፤ ገና ከሩቅ ስታየው እሷው ትለው ጀመር።

ኮቪድ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ሰው እንዳይጨናነቅ ተብሎ መድኃኒቱን ቤቱ ወስዶ እንዲጠጣ ፈቀዱለት። በእያንዳንዷ ጠርሙስ ላይ ስሙና የምትጠጣበት ቀን ተጽፎ፣ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን ውስጥ ተደርጎ ተሰጠው። ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሠረው። ዓለም ሁሉ በሽታውን ፈርቶ ቤቱን ሲዘጋ እኛ ቤት ግን፣ ይቅር ይበለን፣ ደስታ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አልቀሰቀሰኝም። ስነሳ እንቁላል በቃሪያ ጠብሶ፣ ጠርሙሱን ጨርሶ፣ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ዛሬ ሹፌሬ ዕረፍት ላይ ናት» አለኝ። «ብዪ፣ ደግሞ ተመልሰሽ ተኚ።»

ሥራም ተመለሰ። ለአባባ ስልክ ሲደውል ድምፁ ሌላ ሆነ። ስለ ሕመሙ ከእኔ ሌላ የሚያውቁት ጋሼ ተፈራ ብቻ ነበሩ፤ ለቀረው ሰው «ጨጓራ ነው» ብለናል። እኛ ሰዎች ሕመም ስንደብቅ ጎበዞች ነን። ጨጓራ ደግሞ ስንቱን ችሏል!

በቀጣዩ ዓመት፣ በረዶው አላባራ ብሎ በነበረበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። ያሬድ ገና ከአልጋው መውረዱ ነበር፤ ጠርሙሱን አልነካም። ስከፍት ጋሼ ተፈራ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ማስክ አድርገው ቆመዋል። ከኋላቸው ባለቤታቸው እትዬ አልማዝና ሌሎችም ነጠላ አዘቅዝቀው ደረጃውን ሞልተውታል። ማንም ምንም ሳይል ጮህኩ። አባታችን ናዝሬት በዚያ በሽታ ሞተው፣ ተቀብረው፣ ወሬው ለጋሼ ተፈራ ደርሷል። ከሥራ ደክመን ስንገባ እንዳንሰማው ብለው እስከ ቅዳሜ ሆዳቸው ውስጥ ይዘውት አድረዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅሁት በኋላ ነው። እኛ መሬት ላይ ስንንከባለል ጋሼ ተፈራ ደንቡን ያደርሱ ነበር። ሐዘንተኛ ራሱን እንዳይጎዳ ስለት ይደበቃል፣ መርዝ ይደበቃል። እሳቸው ወጣት ሳሉ መርዶ በሰማ ሌሊት ራሱን ያጠፋ ሰው ያውቃሉ፤ ያንን ሬሳ ያወረዱት እሳቸው ናቸው። የወጥ ቤቱን ቢላዋ፣ በረኪናውን፣ የራስ ምታት ክኒናችንን ሰበሰቡ። የያሬድን ሣጥንም ከአልጋው ሥር አነሱ። «ይሄ ልጅ በሐዘኑ ላይ ባንዴ ቢጨልጠውስ?» ብለው ነው። ሁሉንም ወስደው መኪናቸው የኋላ ኮፈን ውስጥ ቆለፉበት።

ሰው እንደሆነ ኮቪድም አልመለሰው። መስኮት ተከፍቶ፣ ብርዱ እየገባ፣ በየተራ ይመጣል። ንፍሮው በፎይል ትሪ፣ ሽሮው በትልቅ ድስት። ወንዶቹ ሳሎን ያሬድን ከበው፣ ሴቶቹ መኝታ ቤት እኔን ከበው ተቀመጥን። ያሬድ ጋቢ ተከናንቦ ይንቀጠቀጥ ነበር። ላቡ ይወርዳል፣ ዓይኑ ያለማቋረጥ ይፈሳል፣ እህል አፉ አልገባ አለ። ያየው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል።

«እንዴት ቢወዳቸው ነው!» ይላል አንዱ።

«እንዲህ ዓይነት ልጅ ይወለድ» ይላል ሌላው።

እኔም በእንባዬ መሐል እሱን ሳይ ሐዘን መሰለኝ። ሣጥኑ ካልጋው ሥር መነሳቱን የማውቅበት ምክንያት አልነበረኝም። በማግስቱ እኔ ወዳለሁበት ክፍል በር መጥቶ «ሰኒ» አለኝ። ቀና ከማለቴ እትዬ አልማዝ ተነስተው እቅፋቸው ውስጥ አስገቡት። «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ወንድ ልጅ አይደለህ፣ እሷን አጽናናት እንጂ» አሉት። በትከሻቸው አሻግሮ አየኝ። ክፍሉን የሞላውን ሴት አየ። ከዚያ ተመልሶ ሄደ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ብሎ ይናገር?

ጋሼ ተፈራን ግን ጠይቋቸው ነበር። አንድ ሽማግሌ ሊሸኙ ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ተከትሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ሣጥኔን» አላቸው። እሳቸው ደግሞ «እኔ ጋ ነው ልጄ፣ አይጠፋም። ሐዘኑ ይውጣ» አሉት። መኪናቸው ከመስኮታችን ሥር ቆማ ነበር። የሱስ መድኃኒት ስለሆነ ከሱ ትንሽ ቢያርፍ የሚበጀው መስሏቸዋል። እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች እንደሚባለው ነው።

በሦስተኛው ቀን ያሬድ ሶፍት አልቋል፣ ላምጣ ብሎ ተነሳ። ትንሽ አየር ይውሰድ ብለው ለቀቁት። በመስኮት አየሁት፤ በበረዶው ላይ ጎንበስ ብሎ ይራመዳል። በጋሼ ተፈራ መኪና አጠገብ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ፖሊስ መጣ። አንድ የነዳጅ ማደያ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው ያገኙት። ከመንገድ የገዛው ነገር እንደ ድሮው አልነበረም፤ ከሌላ መርዝ ጋር የተደባለቀ ነበር። ለእኔ መርዶ ያረዳኝ የለም። ፖሊሱ በሩ ላይ እንደቆመ በእንግሊዝኛ ነገረኝና ሶሪ ብሎ ሄደ። ለአባቴ የተነጠፈው ፍራሽ አልተነሳም ነበር፤ ሰውም ከተቀመጠበት ሳይነሳ ልቅሶውን ለያሬድ አዞረው።

ጋሼ ተፈራ ሁሉን የነገሩኝ በዚያው ቀን፣ ፓርኪንጉ ላይ፣ የመኪናቸውን የኋላ ኮፈን ከፍተው ነው። ሣጥኑ ከቢላዋዎቻችን ጋር ተቀምጧል። አልጮህኩባቸውም። ብጮህ ይሻለኝ ነበር። በረዶው ላይ ቁጭ አሉ። «ልጄን በእጄ» አሉ። እንደ አባት አቅፈው የተቀበሉን ሰው ናቸው። ጠላት ቢሆኑ እንዴት ደስ ባለኝ! የምጠላው ሰው ባገኝ ኖሮ ሐዘኔ የሚያርፍበት ቦታ ነበረው።

ፖሊሶቹ አንገቱ ላይ የነበረውን ቁልፍ ከማተቡ ጋር በላስቲክ አድርገው መለሱልኝ። ሣጥኑን ከፈትኩት። የቅዳሜዋ ጠርሙስ ከፊት ናት፤ የእሑዷና የሰኞዋ ከኋላዋ። ማኅተማቸው አልተነካም። ወደ ክሊኒኩ ወሰድኳቸው። ነርሷ ስሙን አነበበች። ከዚያ በማስኳ ውስጥ ሆና ከእሱ የተማረቻትን ቃል አለችኝ፤ «እግዜር ይስጥልኝ።» መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ናዝሬት ያለችውን እናታችንን ደግሞ ማን ያርዳት? የባሏ ዐርባ እንኳ አልወጣም። ጋሼ ተፈራ ናዝሬት ላሉት ሽማግሌዎች ደወሉ፤ አጠገባቸው ነበርኩ። «የደም ግፊት መድኃኒቷን ሳትውጥ እንዳትነግሯት» አሉ። ደግመው ደጋግመው አሉት። ያ የመድኃኒት ጥያቄያቸው የተጀመረው ያን ቀን ነው።

ዓመታት አልፈዋል። ተናድጄባቸው ሳላናግራቸው የከረምኩበት ጊዜ ነበር፤ አሁንም አንዳንዴ፣ በረዶ ሲጥል፣ ንዴቱ ይመለስብኛል። ግን ሲደውሉልኝ አነሳለሁ።

ባለፈው እሑድም እትዬ ዘነበች ቤት ገባሁ። «ምነው በጠዋት?» አሉኝ። ስኳር አልቆብኝ ነው አልኩ፤ ሰው ሲጨንቀው የሚዋሸው እንዲህ ነው። ቁርሳቸውን ሲበሉ፣ መድኃኒታቸውን ሲውጡ፣ ውኃ ሲከተሉበት ቆሜ አየሁ። አንድ ብርጭቆ ስኳር ይዤ ወደ ፓርኪንጉ ወረድኩ።

ጋሼ ተፈራ ጋቢያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መሪውን ይዘው ተቀምጠዋል። መስታወቱን ዝቅ አደረጉ።

«ወስደዋል» አልኳቸው።

አልወረዱም።

«በዓይንሽ አይተሻል?»

«በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጋሼ።»

ጋቢያቸውን ለብሰው ከመኪናው ወጡ፤ ሊያረዷቸው ሄዱ።