የቧንቧ ውሃ የጠጣችው መኪናዬ

የወጣሁበት ምሽት አባባ ማልቀስ ስለማይሆንላቸው ስለ መኪና ያወሩኝ ነበር። ደብረ ታቦር፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ፣ የባሕር ዳሩ መኪና እስኪመጣ ቆመናል። እኔ ልጄን ህሊናን አቅፌ እንባዬን እውጣለሁ፤ እሳቸው «ጥሩዬ፣ እዚያ አገር መኪና መያዝሽ አይቀርም። ከመነሳትሽ በፊት ኮፈኗን ክፈቺ። ዘይቷን እዪ። የራዲያተሯን ውሃ ሙዪ። ሳትሞዪ እንዳትነቃነቂ!» ይሉኛል። ዕድሜያቸውን በደብረ ታቦርና በእብናት መሀል ሚኒባስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኔንም መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የእኛ የሦስታችን ብቻ ነበር። የህሊና አባት ገና ሳትወለድ ጥሎን ሄዷል፤ ስሙን አላነሳም። መኪናው ሲመጣ አንገቴ ላይ የተጠመጠመውን የልጄን እጅ ያላቀቁልኝ አባባ ናቸው።

ጀርመን የገባሁት በአዛውንቶች መጦሪያ ለመሥራት ነው። ለሙከራ ቀጠሩኝ። ሙከራውን ካለፍኩ ቋሚ እሆናለሁ፣ ቋሚ ከሆንኩ ልጄን ማምጣት እችላለሁ። ሐሳቤ ሁሉ ይኸው ነበር። ታዲያ ሥራው የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ፣ አውቶቡስ የሚባለው ነገር እኔ ወዳለሁበት መንደር ብቅ የሚለው ረፋዱ ላይ! ሁለት ቀን አረፈድኩ። አለቃዬ ፈገግ ብላ «ሦስተኛ እንዳይኖር» አለችኝ። እዚህ አገር ሲያስጠነቅቁሽም ፈገግ ይላሉ፤ የእኛ ሰው ቢሆን ጮኾብሽ ይወጣለት ነበር።

እናም መንጃ ፈቃዴን እንደ አዲስ ተፈትኜ አወጣሁና አንዲት አሮጌ ትንሽ መኪና ገዛሁ፤ ኋላዋ ቁርጥ ያለ፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት። ቀይ ናት ተብላ ነው የተሸጠችልኝ፤ ግማሹ ቅላቷ ግን ዝገት ነው።

ምርመራ ስወስዳት መርማሪው ከሥሯ ገብቶ በመዶሻ መታ መታ ቢያደርጋት ዝገቱ እንደ ጤፍ ገለባ ፊቱ ላይ ረገፈ።

«ማን ነው የሸጠልሽ?»

«አንድ ደግ ሰውዬ።»

«ደግ አይደለም» አለኝ። «ፍሬኑስ ይይዛል?»

«ይይዛል።»

«መቼ?»

ምን ልበለው? ሲፈልግ ነው የሚይዘው። ፍሬኑ ተቀየረ፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ተቀየረ፣ የጥገናው ዋጋ ከመኪናዋ ዋጋ በለጠ። እኛ አገር ማርሚታ ቢበሳ አንዱ ጋ ወስደሽ ታስበይጂዋለሽ፤ እዚህ ይጣላል። ልትመጡ ያሰባችሁ እህቶቼ፣ ስሙኝ፦ አሮጌ መኪና ስትገዙ ቀለሟን ትታችሁ ሆዷን እዩ።

አከራዬ ኸር ቮልፍ፣ በእኛ አቶ ቮልፍ፣ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። የበርበሬ ሽታ እንደማይወዱ በመጀመሪያው ሳምንት አስረድተውኛል። መኪናዋ ስትመጣ ደግሞ አዲስ ክስ ተከፈተብኝ።

«መኪናሽ ግቢዬ ላይ ትሸናለች» አሉኝ።

«ይቅርታ ኸር ቮልፍ፣ አርጅታ ነው።»

«እኔም አርጅቻለሁ፤ ግቢው ላይ ግን አልሸናም።»

ከሥሯ ጎድጎድ ያለ የመጋገሪያ ትሪ አኖርኩላት። ዘይትም ውሃም ትጥላለች፤ ራዲያተሯ በትንሹ ያንጠባጥባል። እሱ አላስጨነቀኝም። አባባ በየዳገቱ ቆመው ከቢጫ ጀሪካን ሲሞሉ አይደል ያደግሁት! እኔም ጠዋት ጠዋት ከቤት ቧንቧ በጠርሙስ እየቀዳሁ እሞላት ነበር። በጋው አለፈ፣ መኸሩም አለፈ፣ አንድም ችግር አልገጠመኝም። አባባ በስልክ «ውሃዋን?» ሲሉኝ «ሞልቻለሁ» እላቸዋለሁ፤ ደስ ይላቸዋል።

የሥራ ባልደረቦቼ ክረምቱ ከባድ ነው እያሉ ሲያስፈራሩኝ ሳቅሁባቸው። የጉና ተራራ ሥር ልጅ እኮ ነኝ! ብርድ ለእኔ ሊነገር? ኧረ ምኑን አውቄው። የጉና ውርጭ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል፤ የዚህ አገሩ ገብቶ ይቀመጣል።

የሙከራዬ ጊዜ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ አንድ ማለዳ ተነሳሁ፣ መስታወቷን ፋቅሁ፣ አስነሳኋት። ገና ከግቢው በር ሳልወጣ የሙቀት ቀስቷ ቀዩ ላይ ሄዳ ተለጠፈች፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይንፎለፎላል። ጉድ በሉ! አፍንጫ በሚቆርጥ ብርድ መኪናዬ ፈላች። አጥፍቻት ወረድኩና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሦስተኛው ማርፈድ መጣ ማለት ነው። የታየችኝ ህሊና ብቻ ናት።

ኸር ቮልፍ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው ወጡ። ኮፈኑን ከፈቱ።

«ፍሮስትሹትስ አላደረግሽም?»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ውሃው በረዶ ሆኖ አልዞር እንዳይልና ሞተሩ እንዳይፈላ የሚጨመረው ፈሳሽ ነዋ! ምን ነበር የምትጨምሪው?»

«ውሃ።»

«ውሃ?»

«ንጹህ ውሃ ነው ኸር ቮልፍ! ከቧንቧው!»

ትንሽ አሰቡና «ከእኔ ቧንቧ?» አሉኝ።

የሰደቡኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን ቤት ገብተው ቁልፋቸውን ይዘው መጡና የራሳቸውን መኪና በር ከፈቱልኝ። በሌሊት ልብሳቸው ሥራ ቦታዬ ድረስ ወሰዱኝ። በሰዓቴ ደረስኩ። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ፣ መኪናዬ ከጋራዥ እስክትወጣ ድረስ አንድም ቀን ሳይቀሩ አደረሱኝ። እግዜር ይስጥልኝ ከማለት በቀር ምን እላለሁ? አባቴ በሌሉበት አባት ሰጠኝ።

ለመኪናዋም ደረሰላት። በረዶው ራዲያተሯን ሰነጠቀው እንጂ ሞተሯን አልነካውም። ኸር ቮልፍ ከወዳቂ መኪኖች መሸጫ ያገለገለ ራዲያተር አፈላልገው አስገጠሙልኝ፤ የአዲሱ ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም። ምስጋናዬን ለማድረስ ምስር ወጥ ሠርቼ ጋበዝኳቸው። እኒያ በርበሬ ይሸተኛል ሲሉ የነበሩት ሰውዬ ላባቸው እየወረደ ጨረሱትና «ይህን ራዲያተሩ ውስጥ ብትጨምሪው ኖሮ መቼም አይቀዘቅዝም ነበር» አሉኝ። ለስንት ወር ያልሳቅሁትን ሳቅ ሳቅሁ።

ቋሚ ሆንኩ። የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄድኩ።

«ልጅሽ የራሷ ክፍል ይኖራታል?» አለችኝ ሠራተኛዋ።

«ልጄ ብቻዋን ተኝታ አታውቅም።»

«ክፍል ይኖራታል ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ይኖራታል። ግን አትተኛበትም።»

«መተኛቷን አይደለም የምጽፈው» አለችና ጻፈች። ፈቀዱልኝ!

ከቢሮው ደረጃ ላይ ሆኜ ደወልኩ። አባባ «ተመስገን! ተመስገን!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ስልኩን አራቅ አድርገው ሲናፈጡ ሰማሁ።

«አባባ? አሉ?»

«አለሁ ልጄ። ልጅ ከእናቷ ጋር ነው መሆን ያለባት። ደግ ሆነ።» ቀጠሉና «ያች መኪናሽ… ማሞቂያዋ እስከ ኋላ ወንበር ይደርሳል?» አሉኝ።

«ይደርሳል አባባ።»

«ደግ ነው። እንዳይበርዳት ብዬ ነው።»

ህሊና ስልኩን ነጠቀቻቸው። «እማዬ፣ መኪናሽ ስንት ሰው ትይዛለች?»

«አምስት።»

«እና አባባም ይገባሉ!»

ፈቃዱ የወጣው ለእሷ ብቻ ነው። ከበስተጀርባ አባባ ሲስቁ ሰማሁ።

«ሚኒባሴን ለማን ጥዬ ነው የምሄደው?» አሏት።

ሚኒባሷን ለእኔ መሄጃ ብለው ከሸጧት ቆይተዋል። ደጃፋችን ላይ ያለው ባዶ ቦታ ነው።

«እውነትዎን ነው አባባ» አልኳቸው። «መኪና ተጥሎ አይኬድም።»