እናቴ ወደ ቆላ ስትደውል

ካዛንቺስ ያለው ቢሮ የገባሁት ኮምፒውተር ስለምችል እንጂ ስለ ወባ አንዳች ነገር ስለማውቅ አልነበረም። ሥራችን ለሰው ሲያስረዱት ጥንቆላ ይመስላል። የአየር ንብረቱ ከተበላሸ ወዲህ «ወባ በዚህ ወር ይገባል፣ በዚህ ወር ይወጣል» የሚለው የድሮ ቆጠራ አልሠራ ብሏል። ስለዚህ ሳተላይት የዝናቡንና የሙቀቱን ወሬ ይልካል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ወባ በየትኛው ቆላ ሊነሳ እንደሚችል ቀድሞ ይናገራል። እኛ ለሰሊጥ አጨዳ ለወረዱት ሠራተኞች በስልክ የተቀዳ ማስጠንቀቂያ እንለቃለን። በዚያ ዓመት ዝናቡ ጥቅምትም ገብቶ አላባራ ስላለ፣ ኮምፒውተሩ መተማን በቀይ ቀለም ሞላው።

ቀዩን ሳይ ክው አልኩ። ታናሽ ወንድሜ እዚያ ነው። ኮሌጁን ትቶ «ሠርቼ እገባለሁ» ሲል ከእማዬ ጋር ተኮራርፎ፣ ሲም ካርዱን ሳይቀር ቀይሮ ነው የሄደው። መተማ መሆኑንም የሰማነው ከሰፈር ሰው ነው። አዲሱ ቁጥሩ እኛ ዘንድ ካሉት አንዱ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሠራተኞቹ መናኸሪያ ላይ ሲመዘገቡ የሚሰጡት ስልክ ብቻ ነው፣ ስም የለም። ይህን ለእማዬ ስነግራት «ታዲያ ኮምፒውተራችሁ ምኑን አወቀው!» ብላ ተቆጣች።

የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ያነበበችው ባልደረባችን ድምጿ ማር ነው። ግን ገና አፏን ስትከፍት ሰው ሁሉ የሎተሪ ማስታወቂያ ነው እያለ ጆሮዋ ላይ ይዘጋባታል። አለቃዬ መላው ሲጠፋው «በቃ፣ የእናት ድምፅ አምጡልኝ» አለ። የማን እናት ትምጣ? ቤታችን ያለበት ቂርቆስ ቅርብ ነው፣ የኔ መጣች።

ነጠላዋን አስተካክላ ማይኩ ፊት ተቀመጠችና «ለማን ነው የምናገረው?» አለች።

«ለሁሉም» አልኳት።

«ለሁሉም እንዴት ይወራል?»

የጻፍኩላትን ወረቀት አየት አድርጋ «ይሄን ማን ይሰማዋል» ብላ ወደ ጎን ገፋችው። በራሷ ጀመረች። «እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ?» አለችና ዝም። ቀጥይ ስላት ገላመጠችኝ። «ሳይመልሱልኝ?» አለቃዬ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ዝምታውን ተውላት፣ ምን እንደሚመጣ እንየው» አለኝ። እኔንም ነገሩ እያጓጓኝ ሄዶ ነበርና ተውኩት።

«አጎበር ሳትዘረጉ እንዳትተኙ» ብላ ቀጠለች። «ትኩሳት ከያዛችሁ ድካም ነው፣ ብርድ ነው እያላችሁ ነገ አትበሉ። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ልጄ፣ አንተንም ነው የምለው።» የመጨረሻዋን ልቁረጣት አልቁረጣት ብዬ ሳመነታ ቆይቼ እንዳለች ለቀቅኳት።

መልእክቱ ሲያልቅ ማሽኑ «ትኩሳት ያለበት አንድ ቁጥርን ይጫን» ይላል። በማግስቱ ሳየው አንድን የተጫነ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከሸፈ አልኩ። ግን ለሙከራ የሰሚውንም ድምፅ እንቀዳ ስለነበር፣ እስቲ ብዬ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ወይ ጉድ! ሰዉ ለካ ቁልፉን ትቶ ለእሷ ነው የሚመልሰው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት ነዎት እማማ?» «እሺ እናቴ፣ አጎበሩ ግን ተቀዷል።» አንዱማ «ማነሽ? ቁጥሬን ከየት አገኘሽው?» እያለ ይጣላታል። እኔ ስለ ቁልፍ ስጨነቅ ከረምኩ እንጂ፣ አገሬው «ሰላም» ላለው ሰው ዝም እንደማይል አላሰብኩትም።

ለእማዬ ደውዬ ስነግራት የታክሲ ሰልፍ አልጠብቅም ብላ በእግሯ ቢሮ ድረስ መጣች። አጠገቤ ተቀምጣ አንድ በአንድ ሰማች። አንዱን «እሰይ»፣ አንዱን «ተባረክ» እያለች፣ በየመሃሉ ግን ዓይኗ በር በር ያያል። ወደ መጨረሻው አንድ ድምፅ መጣ። ለሰላምታዋ መልስ አልሰጠም። «ልጄ፣ አንተንም ነው የምለው» እስክትል ጠብቆ፣ «እማዬ፣ አሞኛል» አለ። ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል።

ወንድሜ ነው። እጄ ግን ከልማዱ ወደ ኪቦርዱ ሄደ፣ «ትኩሳት አለ» የሚለው ላይ ምልክት ላደርግ። እማዬ መታችኝ።

«ምን ትጽፋለህ? ደውል እንጂ!»

ቁጥሩ እስክሪኑ ላይ ነበር። ደወልኩ፣ ያነሳው ሌላ ሰው ነው። «ጓደኛው ነኝ፣ ጤና ጣቢያ ነን። ወባ ነው ብለውታል፣ መድኃኒት ጀምሯል» አለና ስልኩን ለወንድሜ ሰጠው። እኔም ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን እማዬ ፊት አስቀመጥኩት።

«እማዬ፣ ሰምተሽኝ ነው የደወልሽው?» አለ፣ በደከመ ድምፅ።

«እና!» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «አንተን ካልሰማሁ ማንን ልሰማ ነው?»