ከማርያም ሥዕል ጀርባ የነበረው ስንጥቅ

የማርያም ሥዕል ከግድግዳዬ ላይ ወርዶ መስታወቱ ሲሰበር ማኅበርተኞቼ እልል አሉ። ተአምር መስሏቸው ነው። ከሥዕሉ ጀርባ ምን እንዳለ ከእንግዶቹ አንዳቸውም አያውቁም፤ እኔ አውቃለሁ።

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ በአንድ እሁድ ቀን፣ ናይሮቢ ካሳራኒ በሚባለው ሰፈር ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሳላስበው አልዋልኩም። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ አጻጻፌ ቢዛነፍ ይቅር በሉኝ።

የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ እኔና የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ ሳሮን። የምሠራው ኪሊማኒ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ነው፤ ወጥ እሠራለሁ። እዚያው የምንተዋወቅ ሰዎች የማርያም ማኅበር አለን። ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል። የኔ ተራ ሲቃረብ ነው ጣጣው የመጣው።

ስንጥቁ የታየኝ ለተራዬ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ዝናቡ ከባድ ነበር። መጀመሪያ ፀጉር ያክል ነበር፤ በሳምንቱ ጣቴ ገባበት። በዚያው ሰሞን ከእኛ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ያለ ሕንፃ ፈረሰ። ያሠራው የእኛው አከራይ ነው። ሰው ሞተበት።

ሳሮን እንቅልፍ አጣች። "ማሚ፣ ለኬርቴከሩ ንገሪው፣ ፕሊስ። ሲሪየስ ነኝ" አለችኝ። ኬርቴከር የሚሉት ሕንፃውን የሚጠብቀውን ሰውዬ ነው።

"ነግሬዋለሁ" አልኳት።

አልነገርኩትም። ብነግረው ቤቱን ልቀቁ ይለናል ብዬ ፈራሁ። ልቀቁ ካለን ማኅበሩን የት ልደግስ? ደግሞ የኪሊማኒ ሴቶች ቤታቸው የሚያምር ነው፤ እኔ ቤት መጥተው የተሰነጠቀ ግድግዳ አይተው "ምስኪን" እንዲሉኝ አልፈለግኩም። ማኅበሩ ይለፍና ሰኞ ጠዋት እነግረዋለሁ አልኩ። ከአልጋዬ ራስጌ ትልቁን የማርያም ሥዕል አንስቼ ስንጥቁ ላይ ሰቀልኩት። ግራና ቀኙን በመጋረጃ ሸፈንኩት። ሳሮን ስታየኝ "ሊያስተካክሉት ሰኞ ይመጣሉ" አልኳት። አመነችኝ።

እሁድ ዕለት ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ተቆረሰና ጨዋታ ተጀመረ። ጨዋታው ሁሉ ስለፈረሰው ሕንፃ ሆነ።

"ፈንጂ ነው!" አሉ አቶ ግርማ። የመኪና ዕቃ የሚነግዱ፣ ድምፃቸው ወፍራም ሰው ናቸው። "ቪዲዮው ስልኬ ላይ አለ፤ እዩት፣ ከሥር ብልጭ ሲል!"

አስቴር የምትባል ጓደኛዬ ሳቀች። "ጋሼ ግርማ ደግሞ! ምሰሶው ቀጭን ነበር፣ ዝናቡም ገፋው ብሎ መንግሥት ራሱ ተናግሮ የለም እንዴ?"

"መንግሥት! መሬቱን ለመንገድ ፈልጎት ነዋ! አንቺ የተነገረሽን ሁሉ ትውጫለሽ።"

"ባለፈው መብራት ሲጠፋም ፈንጂ ነው ብለውን ነበር እኮ።"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሳሮን ስልኩን ተቀብላ አየችና "ጋሼ፣ ይሄ ቪዲዮ ፌክ ነው። የዚህ አገር ሕንፃ ራሱ አይደለም" አለቻቸው።

"አንቺ ዝም በይ፣ ትናንት የተወለድሽ!" አቶ ግርማ ተነሡና ከሥዕሉ አጠገብ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። "እስቲ ይሄ በዝናብ ይፈርሳል? ንገሩኛ!"

እኔ ጠላ እየቀዳሁ ነበር። ጠላው ከብርጭቆው ሞልቶ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ያኔ እንኳ አልተናገርኩም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሰው ሕንፃ ሲከራከሩ፣ ጀርባቸውን ያስደገፉት የኔን ግድግዳ ነው።

እሳቸው ከተቀመጡ በኋላ ነው ሥዕሉ የወደቀው። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። አስቴር ሥዕሉን ልታነሣ ጎንበስ አለችና ቀና ስትል ፊቷ አመድ መሰለ።

"የሳሮን እናት፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ስንጥቁ ክንድ ያስገባል። የውጭው ብርሃን ይታይበት ነበር። ወዲያው ከሥራችን አንድ ነገር ሲጢጥ አለ። በሩ ተጣሞ አልከፈት አለን። አቶ ግርማና ሁለት ወንዶች በትከሻቸው ገጭተው ከፈቱት። ሳሮንን እጇን ይዤ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ያገኘነውን በር ሁሉ እየደበደብን ወረድን። እሁድ ስለነበር ብዙው ሰው ቸርች ነው፤ የነበሩትም ወጡ።

ምድር ቤት ማማ ፌይዝ አለች። ጎመን የምትሸጥ ኬንያዊት ናት። እኔ ሥራ ስውል ሳሮን ምሳዋን የምትበላው እሷ ጋ ነበር። "ቶካ! ቶካ!" ብዬ ጮህኩባት፤ ውጪ ማለቴ ነው። ሽርጧን እንደታጠቀች ወጣች። ቀና ብላ ሕንፃውን አየች።

"ማማ ሳሮን፣ ባቄላዬ እሳት ላይ ነው። ቤቱን እንዳያቃጥል ላጥፋው" አለችኝ።

የሽርጧን ጫፍ ይዣት ነበር። ቶሎ ትመለሳለች ብዬ ለቀቅኳት።

ድምፁ ፈንጂ አይመስልም። ከባድ መኪና ድንጋይ ሲደፋ ነው የሚመስለው። ከዚያ አቧራ ብቻ ሆነ። ማማ ፌይዝን ያወጧት በማግስቱ ነው። በሕይወት አልነበረችም።

ሳምንት ሳይሞላ የማኅበራችን የስልክ ግሩፕ በክርክር ተሞላ። አቶ ግርማ በድምፅ ላኩ፤ "እኔ ራሴ ውስጥ ነበርኩ! መጀመሪያ ጠሽ የሚል ነገር ሰምቻለሁ። እሱ ነው ፈንጂው!" ጠሽ ያለው የሥዕሉ መስታወት ነበር። ስንጥቁን በዓይናቸው አይተው፣ በሩን በትከሻቸው ሰብረው እንደዚህ አሉ።

ከዚያ ስለ እኛ ሕንፃ የመንግሥት መግለጫ ወጣ። ዝናብ ነው፣ ብረቱም ቀጭን ነው አለ። መጨረሻው ላይ፣ ከተከራዮች አንድም አቤቱታ አልቀረበም የሚል ነበረበት።

"ውሸት!" ብላ በስልኬ ድምፅ ላከች ሳሮን። "እናቴ ነግራቸዋለች!"

በመንግሥት ቃል የምታምነው አስቴርም ተናደደች። "ውሸታሞች! የሳሮን እናት ተናግራ የለ!" አለች። አቶ ግርማ "አላልኳችሁም?" አሉ። ስለ ሕንፃ መፍረስ እሷና እሳቸው ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ወሬ መሀል እውነት መሆኑን በርግጥ የማውቀው ከእኔ በኩል አቤቱታ አለመቅረቡን ነው። ሁሉም ውሸት ያሉት ግን እሱኑ ነው። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ከቀብር በኋላ ፌይዝ መጣች። የማማ ፌይዝ ልጅ ናት፤ አገር ቤታቸው አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረች። ሳሮን አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ይዛኛለች።

"አንቲ፣ ሰው ፈንጂ ነው ይላል፤ ደግሞ ዝናብ ነው ይላል። እኔ የማምነው የቱን እንደሆነ አላውቅም" አለችኝ በስዋሂሊ። "ሳሮን ግን አንቺ ቀድመሽ ተናግረሽ ነበር አለችኝ። ተናግረሻል አይደል?"

አፌን ከፈትኩ። የሳሮን እጅ እጄ ውስጥ ነበር።

"አዎ" አልኳት።

አቀፈችኝ። "አሳንቴ፣ አንቲ" አለችኝ። አመሰገነችኝ።

ስንጥቁን ብናገር ሕንፃው አይፈርስም ነበር አልልም፤ እኔ ምን አውቃለሁ። ግን ኬርቴከሩ ሰዎቹን ያስወጣቸው ነበር። ማማ ፌይዝም ባቄላዋን ሌላ ቦታ ትቀቅል ነበር። ቄሱ ጋ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለቴም ሳልናገር ተመለስኩ።

ይህን ለእናንተ የጻፍኩት ሳሮን አማርኛ ትናገራለች እንጂ ማንበብ ስለማትችል ነው። እዚሁ ነው ያደገችው። አንድ ቀን ራሴ አነብላት ይሆናል። ዛሬ አቅሙ የለኝም።

አሁን የምንኖረው ፓርክላንድስ ነው፤ አስቴር ጋ፣ ምድር ቤት። ግድግዳው ላይ ምንም አልሰቀልኩም። አስቴር በእጇ እንደያዘች ያወጣችውን ሥዕል ያለ መስታወቱ ጠቅልዬ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። በየማለዳው ተነሥቼ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ በእጄ እዳብሰዋለሁ። ስንጥቅ የለውም። እኔም ልጄም ደህና ነን።