እናቴና የሃያ ስምንቱ ውሃ

የሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስምንት ዓመተ ምሕረትን ወረራ የማውቀው ከትምህርት ቤት ነበር። ጣሊያን በሰሜን ገባ፤ ማይጨው ላይ ጦራችን ተፈታ፤ ንጉሡ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ አዲስ አበባ ተዘረፈች፤ ወዲያው ጠላት ገባባት። ለፈተና ሸምድጄ ጽፌዋለሁ። እናቴ ያን ጊዜ አሸንጌ ሐይቅ አጠገብ የምትኖር ልጅ እንደነበረች አውቃለሁ፤ ስለዚያ ዓመት ግን አንድም ቀን አውርታኝ አታውቅም።

መቶ ልትሞላ ትንሽ ሲቀራት ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለው አፓርታማችን ከእኔና ከልጄ ጋር ትኖር ነበር። መርሳት ጀምራለች፤ ቢሆንም ትበላለች፣ ትጸልያለች፣ ከልጄ ጋር ትሳሳቃለች።

ከዚያ ከከተማው በላይ ያለው ተራራ ላይ እሳት ተነሣ። ሰማዩ ቡናማ ሆነ፤ ፓርክ የተደረጉት መኪኖች ላይ አመድ ወረደ፤ እሳት የሚያጠፉ አውሮፕላኖች ከላያችን ተመላለሱ። እናቴ በመስኮት ስታይ ቆየችና መጋረጃውን ዘጋች። ልጄ ውሃ ቀድታ ስትሰጣት ብርጭቆውን መትታ ጣለችው።

«አትንኪው! ዘንቦበታል!»

ከዚያ ወዲህ ምንም አልቀመሰችም። ሻይም፣ ጁስም፣ ሾርባም እንቢ አለች። የታሸገ ውሃ ፊቷ ስከፍት ፊቷን አዞረች። በማግስቱ ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ፤ ዓይኗ ጎደጎደ። አልጋው ሥር ተንበረከክሁ።

«እማዬ፣ በእመቤታችን፣ አንድ ጉንጭ ብቻ።»

«አይሆንም፣ ልጄ።»

«ምንም የለበትም እኮ። እዪ፣ እኔ ቀድሜ ልጠጣ» ብዬ ጨለጥሁት።

እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። አንገቴን ይዛ ጣቷን አፌ ውስጥ ከተተች። «ትፊው! እማዬም እንዲሁ ነው ያለችው! ትፊው!»

ልጄ እያለቀሰች አላቀቀችን። እናቴ የነገረችን ያኔ ነው። የጣሊያን አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ዝናብ የሚመስል ነገር ረጨ። ቅጠሉ ጠቆረ፤ ከብቶቹ ወደቁ። ልጆቹ በውሃ ጥም ሲያለቅሱ እናቷ፣ «ቆዩ፣ እኔ ልቅመሰው» ብላ ከምንጩ በእፍኟ ጠጣች። እጇ ተልጦ፣ ድምጿ ተዘግቶ ሞተች።

«እኛ በእሷ ተረፍን» አለች እናቴ። «አሁን ደግሞ አንቺ ጠጣሽ።»

«ይኸው አልሞትኩም እኮ፣ እማዬ።»

«እሷም እስኪመሽ ደኅና ነበረች።»

አምቡላንስ ጠራን። የመጡት ልጆች ትሑቶች ነበሩ፤ ግን በጭሱ ምክንያት አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ስታያቸው እየጮኸች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። «ምን እያለች ነው?» ብለው ጠየቁ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «ማሚ፣ ምን ብዬ ትራንስሌት ላድርግላቸው?»



ሆስፒታል ውስጥ ጉሉኮስ ሲሰኩላት እየነቀለች አስቸገረች። በመጨረሻ በመድኃኒት አስተኝተው ሰጧት፤ ኩላሊቷ ግን ቀድሞ ደክሞ ነበር። እሳቱ ሳይጠፋ አረፈች።

ለቅሶ የመጡት ሽማግሌዎች «ዕድሜ ጠግባ፣ የልጅ ልጇን አይታ» እያሉ አጽናኑኝ። አንድ ጋሼ እጄን ይዘው፣ «ሕመሟ ምን ነበር?» አሉኝ። ሎስ አንጀለስ መሀል፣ ቧንቧ ባለበት ቤት፣ እናቴ በውሃ ጥም እንደሞተችብኝ ለማን ይነገራል?

«እርጅና ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።