ሦስቱ የጉድጓድ ጠባቂዎች

ልጅ ሳለሁ ፊደልን የማውቀው በዜማ ብቻ ነበር። «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብዬ ከጀመርኩ የሚያቆመኝ የለም፤ በቀጭን ዱላ ገበታውን እየተከተልኩ እስከ ታች እንደ ውሃ እወርደው ነበር። አባቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር አስጠርቶ ያስወርደኛል፤ እንግዳውም «እደጊ፣ ተመንደጊ» ብሎ ይመርቀኛል። አንድ ቀን ግን መምህራችን የገበታውን ላይና ታች በመዳፋቸው ሸፈኑና መሃል ላይ የቀረችውን አንዲት ፊደል እያሳዩ «ይቺስ?» አሉኝ። ከ«ሀ» ተነስቼ በሆዴ እየዘመርኩ ካልደረስኩባት በቀር የማላውቃት ሆና አረፈችው። ክፍሉ ሳቀ። ማንበብ እንደማልችል ያን ቀን ገባኝ፤ ለአባቴ ለመናገር ግን አፌን ያዘኝ።

ያኔ እርሻችን ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ሱዳን ድንበር ሲታጠፍ ከሚገኘው ጥቁር መሬት ላይ ነበር። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ሰው ሁሉ ቤቱን ዘግቶ እርሻ ስለሚወርድ እኛም ልጆቹ ተከትለን እንወርዳለን፤ የምናድረውም ሱዳኖቹ ራኩባ በሚሉት፣ እኛም ከእነሱ ወስደን ራኩባ በምንለው የሣር ዳስ ውስጥ ነው። የታጨደው ሰሊጥ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ አፉ ወደ ሰማይ ሆኖ እርስ በርሱ ተደጋግፎ ይቆማል። ይህን ቁልል ሂላ እንለዋለን። ሂላ ሲደርቅ ፍሬው አፉን ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ነፋስም፣ ከብትም፣ ሌባም፣ ከሁሉም በላይ እሳት ይፈራል። ስለዚህ ሂላ ጠባቂ ያስፈልገዋል። የእኛ ጠባቂ አያ ካሴ ይባሉ ነበር።

አያ ካሴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ መሬት መሬት የሚያዩ ሰው ነበሩ። ከሳንጃ በኩል እንደመጡ እንጂ ስለ ኋላ ኑሯቸው የምናውቀው አልነበረም። እሳት የሚያነዱት ከሂላው ርቀው፣ ጉድጓድ ቆፍረው በቀበሩት የተቆረጠ በርሜል ውስጥ ነበር፤ ዙሪያውን አሸዋ ያፈሱበታል፤ ነበልባል ብቅ ካለ በአሸዋ ይደፍኑታል። ስለዚህ የእኛ ማታ ነበልባል አልነበረውም። ፍም ብቻ፣ ከፍሙ ላይ የሚወጣ ቀጭን የማሽላ አገዳ ጭስ፣ ከራኩባው ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለች ፋኖስ፣ ከፋኖሷ ሥር ደግሞ ራት እስኪደርስ የምንጠብቅ ልጆች።

ተረት ሲነግሩን እጃችን ባዶ እንዲሆን አይፈቅዱም ነበር። አንዳንድ ቀን በትሪ ላይ ሰሊጥ ያፈሱና የተረቱን እንስሳ ስም መነሻ ድምፅ በጣታችን እንድንጽፍ ያደርጉናል፤ ስንሳሳት ትሪውን ነቅነቅ ማድረግ ነው፣ ሰሊጡ ተደላድሎ ስህተታችንን ይደብቅልናል። አንዳንድ ቀን እርጥብ የማሽላ አገዳ እየላጥን ልጣጩን አጥፈን ፊደል እንሠራለን። መሬት ላይ ፊደል ጽፈው በተረቱ ውስጥ ድምፁ በተሰማ ቁጥር ዘለን እንድንቆምበት የሚያደርጉበትም ማታ ነበር። ከ«ሀ» መነሳት በእሳቸው ዘንድ ክልክል ነው። ዜማ ስጀምር ከሰሙ «ተይ፣ ተይ፣ እሷን ብቻ ጥሪያት፤ ዘመዶቿን ምን አደረግሽ?» ይሉኛል።

ከሁሉም ግን ሳይነግሩን የማያድሩት አንድ ተረት ነበራቸው። ሦስት ወንድማማቾች በበረሃ መሃል አንድ ጉድጓድ ይጠብቃሉ። የጉድጓዱ ውሃ የጠራ ነው፤ የጠጣው ግን አይነሳም። የመጀመሪያው ወንድም «መ» ከማለት በቀር ሌላ አያውቅም፤ መካከለኛው «ር» ብቻ ይላል፤ ትንሹ «ዝ» ብቻ። ለየብቻ ሲጮኹ ማንም አይገባውም። የተጠማ ሲመጣ ታዲያ ተሰባስበው በአንድ ትንፋሽ ካልተናገሩ ያ የተጠማ ፍጥረት ይጠጣል።

ተረቱ እዚህ ሲደርስ በፊታችን ሦስት ሦስት ጠጠር ይደረደራል። አያ ካሴ የተጠማውን ማታ ማታ ይቀያይሩታል፤ አንዴ ሚዳቋ፣ አንዴ ዝንጀሮ፣ አንዴ የመንገድ ሰው። «መጣ… ደረሰ… አጎነበሰ…» ሲሉ እኛ አንዱን ጠጠር በጣታችን እየገፋን «መ»፣ ሁለተኛውን እየገፋን «ር»፣ ሦስተኛውን «ዝ» እያልን እናጋጥማቸዋለን፤ ሲጋጠሙ ቃሉን በአንድ ትንፋሽ እንጠራለን። ከፈጠንን ሚዳቋዋ ዳነች። ከዘገየን ሞተች። ሌላ ተረት ላይ ስንሳሳት አብረውን የሚስቁት ሰውዬ እዚህ ላይ ፈገግ አይሉም ነበር። ከዚያ ተነስተው ቃሉን በከሰል ቆርቆሮ ላይ ይጽፉልናል፣ እኛም በጣታችን እየተከተልን እናነበዋለን።

ይህ ነገር እናቴን አላስደሰታትም። ወንድሜ ደሴ፣ ገና የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ፣ ሌሊት እየባነነ «ሚዳቋዋ ጠጣች!» ብሎ ማልቀስ ጀምሮ ነበር። አንድ ማታ እናቴ ከማድቤት ዳሱ ወጥታ ከፍሙ አጠገብ ቆመች።

«አያ ካሴ፣ ምነው እርስዎ! ለሕፃን ልጅ መርዝ ያስተምራሉ? ስንት የሚያምር ቃል እያለ! እናት በሏቸው፣ ሰሊጥ በሏቸው።»

«እውነትሽን ነው እቴ፣ ይቅር» አሉ አያ ካሴ፣ ቀና ሳይሉ። ጠጠሮቹን ሰብስበው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ በኋላ ባሉት ማታዎች ያለችውን አደረጉ፤ ሰሊጥ አልን፣ እናት አልን፣ ወተት አልን። ተረታቸው ግን ጨው እንዳጣ ወጥ ሆነብን። እኔ ብቻዬን ስሆን ከመሬት ጠጠር እያነሳሁ ሦስቱን ወንድማማቾች አጋጥም ነበር። የምወደው ተረት ስለሆነ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

እዚያ አገር የጀሪካን ነገር ከባድ ነው። ውሃ ሩቅ ነው፤ ከቦቴ የሚቀዳው ውሃ መያዣ ይፈልጋል። የአረም መርዝ የሚመጣበት ጀሪካን ደግሞ ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ክዳኑ የማያፈስ ነው። ባዶ የሆነውን ያየ ሁሉ ለውሃ ይመኘዋል። አያ ካሴ ባዶውን ሲያገኙ ቢላዋ በፍም አግለው ሆዱን ይበሱታል፤ ገና ያላለቀበትን ደግሞ በቀይ ቀለም ይጽፉበትና ከትራክተሩ ኋላ ይሸሽጉታል። አባቴ «ይኼ ሽማግሌ ዕቃ ሲያጠፋ ደስ ይለዋል» እያለ ያጉረመርም ነበር።

አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ሠራተኞቹ ከአጨዳ ወጥተው ራኩባው ሥር ጋደም አሉ። ከደጋ በቅርቡ የወረደ አንድ ወጣት ከትራክተሩ ኋላ ነጭ ጀሪካን አግኝቷል። ውስጡ የቀረችውን ደፍቶ፣ በአሸዋ ፈትጎ አጥቦ፣ ከቦቴው ውሃ ሞልቶ አመጣና ለሁሉም እንዲደርስ ጥላው መሃል አስቀመጠው። ሁሉም አየው። አንዳንዱም አመሰገነው። ከሁሉ ፊት ደሴ ጣሳ ይዞ ደረሰና ቀዳ።

እኔ ከወዲያ በኩል ነበርኩ። በጀሪካኑ ጎን፣ በአሸዋ ተፍቆ የደበዘዘ ቀይ ጽሕፈት አየሁ። ከ«ሀ» አልተነሳሁም። ዜማው አልመጣልኝም። ሦስቱ ወንድማማቾች ብቻ በተርታ ቆመው ነበር፤ ጣቶቼ ጭኔ ላይ የሌለ ጠጠር ሲገፉ ተሰማኝ፣ ከዚያ ቃሉ በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

«መርዝ!»

ሮጬ ጣሳውን ከአፉ ላይ መታሁት። ውሃው አቧራው ላይ ፈሰሰ። ደሴ ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ፤ እናቴ ከንፈሩን በነጠላዋ ጫፍ ደጋግማ እየጠረገች «ዋጥክ? ንገረኝ፣ ዋጥክ እንዴ?» ትለዋለች። አልዋጠም ነበር። ወጣቱ ሠራተኛ ፊቱ አመድ መስሎ ቆመ።

«አጥቤዋለሁ እኮ! በአሸዋ ነው ያጠብኩት!» አለ።

አያ ካሴ ጩኸቱን ሰምተው ከሂላው በኩል እየሮጡ መጡ። ጀሪካኑን አንስተው አሸተቱት፣ ውሃውን ራቅ አድርገው ደፉት፣ ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ።

«ማነው ያነበበው?»

«እኔ።»

«ሰው ነግሮሽ ነው?»

«አይ፣ አያ። አጋጥሜው ነው።»

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ የታመሙ መስሎኝ ነበር። ወጣቱን አልተቆጡትም፤ ወደ እናቴ ዞረው እንዲህ አሉ፦

«ልጅ ነበረችኝ፣ ያለም የምትባል። አብርሃ ጅራ በኩል የሰው እርሻ ላይ ስሠራ ነው። ጀሪካኑን እኔው ነኝ ያመጣሁላት፣ ለውሃ ብዬ፣ አጥቤ። ጽሕፈት ነበረበት። አይቼዋለሁ እኮ! ጌጥ መስሎኝ አለፍኩት። ፊደል የቆጠርኩት እሷን ከቀበርኩ በኋላ ነው፤ አንድ የቆሎ ተማሪ የነበረ የቀን ሠራተኛ በጠጠር አስተማረኝ። መጀመሪያ ይቺን ቃል አሳየኝ አልኩት።»

እናቴ ከቤት ካመጣነው እንስራ ውሃ ቀድታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ያን ማታ ፍሙ ሲረግብ ወደ እኛ መጥታ ከልጆቹ መሃል ቁጢጥ አለች። «ያችን ተረት ንገሩን እስቲ» አለቻቸው፤ እጇን ዘርግታም ሦስት ጠጠር ለቀመች። እናቴ ፊደል አታውቅም ነበር። ጠጠሮቹን እየገፋች ከእኛ ጋር «መ»፣ «ር»፣ «ዝ» አለች።

አያ ካሴ ሰሊጡ ተራግፎ ሲያልቅ ሄዱ፤ በሚቀጥለው አጨዳ ሌላ እርሻ እንደያዙ ሰማን፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው ጠፋ። ብዙው ተረታቸው ከአእምሮዬ ወጥቷል። የሰሊጡ ልስላሴ ግን እስካሁን ጣቴ ላይ አለ፤ ጭስ በሸተተኝ ቁጥርም ያ በርሜል ይታየኛል። አሁን ሸሕዲ ውስጥ አንደኛ ክፍል አስተምራለሁ። መደርደሪያዬ ላይ ሰሊጥ ያለበት ትሪ፣ የአገዳ ልጣጭና የወንዝ ጠጠር አለ። ልጆቼ መጀመሪያ የሚያጋጥሙት ቃል ያው የድሮው ነው። በየዓመቱ አንድ ወላጅ አይጠፋም፣ «ምነው መምህርት፣ ሌላ ቃል ጠፋ?» የሚለኝ። አልቀየማቸውም፤ እናቴም እንደዚያው ብላ ነበር። ተቀምጠው ተረቱን እንዲሰሙ እለምናቸዋለሁ።

ሁለተኛው ቃል «ያለም» ነው። እሱም ሦስት ጠጠር ይበቃዋል። ልጆቹ ማን እንደሆነች ሲጠይቁኝ «እንደ እናንተ ልጅ ነበረች» እላለሁ። ደወል ሲደወል ተጋፍተው ወደ ውሃው ይሮጣሉ። እኔም እስከ በሩ እከተላቸውና በምን እንደሚጠጡ ቆሜ አያለሁ።