ሜዳ ነው ያልኩት ግቢ

ባለቤቴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። በደሴ ዙሪያ ያልደረሰበት ቀበሌ የለም፤ የሚደርሰውም በሞተር ነበር። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ሞተሮቹን በጨረታ ያስወግድ ስለነበር፣ ሃያ ምናምን ዓመት የነዳትን የራሱን ሞተር ገዝቶ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው ቤታችን አመጣት። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልነዳትም። ሥራው እሷን ማጽዳት ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ ከግድግዳው ሥር ያወጣትና የኋላዋን ብድግ አድርጎ ሣጥን ያስገባባታል። ከዚያ በአንድ እጁ ጎማውን እያዞረ በሌላው ካቴናውን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ሲጨርስ ዘይት ይቀባዋል። እኔ ልብስ እያጠብኩ የጎማውን ድምፅ እሰማለሁ። ብዙ አንነጋገርም ነበር።

በዚያች ሞተር እኔ የተቀመጥኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ደጋን ከተማ የዘመድ ሠርግ ነበር፤ መኪና ጠፋና ከኋላው ወደ ጎን ተቀምጬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ «አትነቃነቂ» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አልተናገረም። አልተነቃነቅኩም።

ስትሮክ የመታው ክረምት ሲገባ ነው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት። ንግግሩም ሄደ፤ የቀረችለት አንዲት ቃል «ቆይ» ብቻ ናት። ሲርበው ቆይ፣ ሲቆጣ ቆይ፣ ሐኪሙ ስሙን ሲጠይቀውም ቆይ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወደ ውጭ ጠርታ አነጋገረችኝ። «እናቴ፣ እጁ የሚያውቀውን ሥራ ይስጡት። እሱ ቢረሳ እጁ ያስታውስ ይሆናል። ግን አይዘግዩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያልተመለሰ እጅ እየደረቀ ነው የሚሄደው።»

መቁጠሪያውን፣ ሙስበሃውን፣ በጣቶቹ መሐል ባደርግለት ተንሸራቶ ወደቀ። እስክሪብቶም እንዲሁ። ምስር እንዲለቅም ሰጠሁት፤ ዕድሜውን ሙሉ ምስር ለቅሞ የማያውቅ ሰው ምን ያድርገው።

አንድ ቅዳሜ ፀሐይ እንዲሞቅ በወንበሩ ከሞተሯ አጠገብ አስቀመጥኩት። አቧራ ይዛ ስለነበር ጨርቅ አመጣሁና መጥረግ ጀመርኩ። «ቆይ» አለ። በግራ እጁ ጨርቁን ነጠቀኝና ቀኝ መዳፉ ላይ አደረገው። አራት ጣቶቹ ታጠፉ፤ አውራ ጣቱ ብቻ ቀረ። እጁን በግራው እየገፋ ካቴናው ላይ አሳረፈውና መጥረግ ጀመረ። ጎማው መሬት ላይ ስለነበረ ግን ካቴናው አይዞርም፤ ያንኑ አንድ ስንዝር ብቻ ደጋግሞ ጠረገ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

ኮርቻውን ይዤ ላነሣት ሞከርኩ፤ አልተነሣችም። ትንሽ ወደ ፊት ገፋኋት፤ ወንበሩንም አብሬ ጎተትኩ። እሱ ሌላ ስንዝር ጠረገ። እንዲህ እያደረግን ሦስት ቅዳሜ ሄድን። በሦስተኛው ወገቤ ተያዘ።

ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ታየን ነበር። «አንቺ፣ ሽጫትና ዊልቸር ግዢለት እንጂ! ሽማግሌና ሞተር ባንድ ላይ ታጥቢያለሽ?»

«ሁለቱም ሲታጠቡ አይጮኹም» አልኳት። «ያንቺዎቹ ልጆች ናቸው የሚያስቸግሩት።»

በማግሥቱ ከመናኸሪያው ወዲያ ወዳለ የሞተር መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ጎልማሳ ነው፤ ባለቤቴን ያውቀዋል።

«የኋላ ጎማ ከመሬት ብድግ የሚያደርግ ነገር አለህ?»

«ክሪክ ነው የሚፈልጉት፣ እትዬ?»

«ክሪክ ጎንበስ ማለት ይጠይቃል። ቆሜ የማነሣበት ነው የምፈልገው።»

«እንዴ! ውድድር ሊገቡ ነው?» ብሎ ሳቀና ከመደርደሪያው ሥር ቀይ ቀለም የተቀባ ብረት ጎትቶ አወጣ። «ይሄ የኋላ ማቆሚያ ይባላል። የውድድር ሞተረኞች ናቸው የሚጠቀሙበት።»

ሁለት ክንድ ያለው፣ ከታች ሁለት ትንንሽ ጎማዎች የተገጠሙለት፣ ከኋላ ረጅም እጀታ ያለው ነገር ነው። ክንዶቹ የሞተሩን ጎማ በግራና በቀኝ አቅፈው፣ ጎማውን የያዘውን ብረት ከሥር ይደግፋሉ። እጀታውን ወደ መሬት ሲጫኑት ሞተሩ ይነሣል። ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አሳየኝ። የአንዱ ክንድ ጫፍ ጎማ የለበሰ መዳፍ ነው፤ የሌላው እንደ መንሽ የተሰነጠቀ ነው።

«መንሹ አይለቅም፤ ግን የሚይዘው ብሎን ሞተሯ ላይ መታሰር አለበት። መዳፉ ለአብዛኞቹ ይሆናል፤ ዝም ብሎ ነው የሚደግፈው። የጋሼ ሞተር ያቺው የጥንቷ ናት?»

«ያቺው ናት።»

«ኧረ አለች? የብሎን ቀዳዳ የላትም። ለመዳፉም ትሰፋለች፤ አይገባላትም።» ማቆሚያውን ወደ ቦታው መለሰው። «ኮምቦልቻ ይሂዱ። የባጃጅ አካል የሚበይድ ሰው አለ፤ በልኳ ይሠራልዎታል። መዳፍ ያለው ይበሉት።»

ልኳን ከባለቤቴ ጋር የወሰድነው በልብስ ሜትር ነው። እኔ ከጎማው በስተኋላ ተንበርክኬ ሜትሩን ስዘረጋ «ቆይ» አለ። በግራ እጁ ሜትሩን ያዘና ወደ ታች፣ መዳፉ ወደሚያርፍበት ቦታ ወሰደው። ትክክል ነበር፤ እኔ ተሳስቼ ነበር። ቁጥሩን በደብተር ጻፍኩ። በዚያ ቀን ሁለታችንም ሥራ ነበረን።

የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ጆሮዬ ተደፈነ። ኮምቦልቻ ሞቃት ነው፤ ሻሌን አውልቄ በክንዴ ያዝኩ። በያጁ የሚሠራው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ሲሆን፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ከፈረቃ ሲወጡ በበሩ ያልፋሉ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሰላምታዬን መለሰና ደብተሬን አነበበ። ሥዕሉንም ራሴ ሠርቼ ነበር።

«ማን ነው የሣለው፣ እናቴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ከኔ ይሻላል» አለ።

በሳምንቱ ስመለስ ዋናው ብረት ተበይዶ ነበር። እንደኛዋ ያለች የደንበኛ ሞተር ወለሉ መሐል ቆማለች። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ውሃ ቢደፋበት የትም አይሄድም።

«አንድ የሚመርጡት ነገር ቀርቷል» አለኝ። «እግሩን ቋሚ ላድርገው ወይስ ጎማ ላስገባለት? ሁለቱንም ይሞክሩት።»

መጀመሪያ ቋሚውን ሞከርኩ። ሞተሯ ተነሣች፤ ነገር ግን እጀታው ላይ በሙሉ ክብደቴ መጫን ነበረብኝ፤ ወገቤም ወዲያው ነገረኝ። ከዚያ ባለጎማውን አመጣ። በሁለት እጄ ገፋ ሳደርገው ራሱ ተንሸራቶ ገባና ጎማው ብድግ አለ። ሦስት ጊዜ አነሣሁ፣ ሦስት ጊዜ አወረድኩ።

«ማሻአላህ! ከነገ ጀምሮ ከኔ ጋር ሥራ ይግቡ» አለ በያጁ።

«ይህኛው ይሁን» አልኩት።

«ቀላሉ እሱ ነው። ግን ሜዳ ይፈልጋል። ግቢዎ ሜዳ ነው?»

«ሜዳ ነው።»

«ደሴ ነው ያሉኝ አይደል?» ፈገግ አለ። «ደሴ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሜዳ ያለው?»

«ወላሂ ሜዳ ነው። አርባ ዓመት ኖሬበታለሁ።»

«እርስዎ ካሉ እሺ» ብሎ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ።

የማልኩት አውቄ ለመዋሸት አልነበረም። ሜዳ ይመስለኝ ነበር። ደሴ ሲኖሩ ከቤት ወጥተው ወደ ገበያ ሲሄዱ ይወርዳሉ፣ ሲመለሱ ይወጣሉ፤ ያ ነው ዳገት የሚባለው። ግቢ ውስጥ ሲገቡ ያርፋሉ፤ ያረፉበት ሁሉ ሜዳ ነው።

ማቆሚያውን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ተመለስኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «ምንድን ነው፣ የሕፃን አልጋ ነው?» አለችኝ። «የሞተር ነው» ስላት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ሞተሯን ከግድግዳው ሥር አወጣሁ። ወንበሩን በካቴናው በኩል አደረግሁለት። ማቆሚያውን አስገብቼ እጀታውን ስጫነው የኋላ ጎማዋ ተነሣ። ባለቤቴ ጎማውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ጨርቁን ራሱ ጠየቀ፤ ግራ እጁን ዘረጋልኝ። ቀኝ መዳፉ ላይ አደረገውና ጣቶቹ ታጠፉ። በግራው ጎማውን አዞረ። ካቴናው ከጨርቁ ሥር አለፈ፣ እንደገና አለፈ። የድሮው ድምፅ ነበር። አውራ ጣቱን አየሁት፤ እሱም ታጥፎ ነበር። ሰኞ ሰኞ ለሕክምና ስንሄድ ባለሙያዋ ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀኝ ስለ አውራ ጣቱ ነበር፤ ሰኞ እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ።

ዘይቱን ላመጣ ወደ በሩ ሄድኩ። አምስት እርምጃ ቢሆን ነው።

«ቆይ! ቆይ! ቆይ!»

ዞር ስል ሞተሯ ወደ ውጭው በር ትሄድ ነበር። ቀስ ብላ ነው የጀመረችው። የማቆሚያው ትንንሽ ጎማዎች ተንከባለሉ፣ እጀታው ተፈናጥሮ ተነሣ፣ የኋላ ጎማዋ መሬት ነካ። ጎማው ሲሄድ ካቴናውም ዞረ፤ ካቴናው ሲዞር ጨርቁን ወደሚጠመጠምበት ጥርሳም ብረት ጎተተው። ባለቤቴ ጨርቁን መልቀቅ ነበረበት። መያዝ እንጂ መልቀቅ ገና አልተመለሰለትም ነበር። ጣቶቹ እንደጨበጡ ሄዱ።

ሞተሯ ወደ ወዲያኛው ጎን ወደቀች። ጎረቤቴ አጥሩን ዞራ ሮጣ መጣችና ጨርቁን ቀደን አወጣነው። ሁለት ጣቶቹ ጫፋቸው ተጨፍልቆ ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ አልጮኸም፤ ቆይም አላለም።

እጁ በፋሻ ታስሮ ሁለት ወር ቆየ። ባለሙያዋ በሁለተኛው ወር መጨረሻ አይታ፣ የክንዱን ጅማት ነክታ፣ ፋሻውን መልሳ አሰረችው። «ከእንግዲህ እንዳይቆስል መጠበቅ ነው» አለች። «ሥራ ይስጡት» የሚለውን ቃል አልደገመችውም።

ግንበኛ የጠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ውሃ ልክ አምጥቶ ከግድግዳው እስከ ውጭው በር ለካና ሳቀ። «እናቴ፣ አንድ ክንድ ከስንዝር ይወርዳል። ይሄ ግቢ አይደለም፤ ዳገት ነው!»

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ፊዚክስ ላይ ዘቅዛቃ ወለል ስዬ፣ ዕቃ ሲንሸራተት በቀስት አሳይቼ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። በዚህ ግቢ አርባ ዓመት ልብስ ሳጥብ የደፋሁት ውሃ ሁሉ ወደ በሩ ይሄድ ነበር። ውሃውን ሂድ ያልኩት እኔ አልነበርኩም።

ግንበኛው ለሞተሯና ለአንድ ወንበር የምትበቃ ሊሾ ሠራልኝ። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል አይታ፣ መጥረጊያ ይዛ መጣችና የተረፈውን አሸዋ ጠረገችልኝ።

አሁን ሞተሯ እዚያ ላይ ቆማለች። ማቆሚያው አይንቀሳቀስም፤ በያጁ ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው። ባለቤቴን ቅዳሜ ቅዳሜ በወንበሩ አመጣዋለሁ። ቀኝ እጁ ተጨብጦ ጭኑ ላይ ይቀመጣል፤ ጨርቅ ሳስጠጋለት ያንን እጁን ወደ ሆዱ ይስበዋል። ፊቱን ወደ ውጭው በር ያዞራል። እኔ ጎማውን አዞራለሁ፣ ካቴናውን እጠርጋለሁ፣ ዘይት እቀባለሁ።

አንዳንድ ጊዜ ሆን ብዬ እሳሳታለሁ። ሳልጠርግ ዘይት እቀባለሁ፤ ወይም ጎማውን በማይዞርበት በኩል አዞራለሁ። ከዚያ እጄን አቁሜ «ቆይ» እስኪለኝ ትንሽ እጠብቃለሁ። እሱ በሩን ያያል። ጨርቁን እንደገና አነሣና የተሳሳትኩትን ራሴው አስተካክላለሁ።